የአያ እንድሪስ የጠዋት ጥልፍ

የሞታቸውን ወሬ ያመጣችልኝ የተበላሸ ካውያ ይዛ የመጣች ደንበኛ ናት። ኮምቦልቻ ባለው ሱቄ ደጃፍ ቆማ የካውያዋን ብሎን ስፈታ እያየች፣ «እኚያ የደሴው፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈሩ ራዲዮ ሠሪ፣ አያ እንድሪስ፣ አረፉ አሉ» አለችኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ማዘን አልነበረም፤ ጥያቄ ማዝነብ ነበር። ማን ነገረሽ? መቼ? የትኛው እንድሪስ? ደሴ ውስጥ ስንት እንድሪስ አለ? ሴትዮዋ ግራ ገብቷት፣ «ኧረ እኔ የሰማሁትን ነው የነገርኩሽ፤ አገራቸው ደጋን ወስደው ቀብረዋቸዋል» አለችና ካውያዋን ሳትወስድ ሄደች።

እንዲህ ነኝ። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር» የሚለውን ተረት ከጡት ወተት ጋር ነው የጠጣሽው ትለኝ ነበር እናቴ። ሰው ስጦታ ቢሰጠኝ ከኋላው ምን አለ እላለሁ። ሰው ቢስቅልኝ በማን ነው የሚስቀው እላለሁ። አያ እንድሪስን ደግሞ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አላናገርኳቸውም። ወንድሜን አሳልፈው የሰጡት እሳቸው ናቸው ብዬ ስለማምን ነበር። መሞታቸውን ስሰማ፣ አልደብቅም፣ «ሳይነግሩኝ ሄዱ» ብዬ ተናደድኩ።

የተዋወቅነው የመንግሥት ለውጡ ዐሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ነው። እኔ የተቃጠለ የወፍጮ ሞተር ሽቦ እንደገና መጠቅለል ተምሬ ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ፣ ሴት ናት እየተባለ ሞተሩን የሚሰጠኝ ሰው ያጣሁበት ጊዜ ነበር። አያ እንድሪስ ቧንቧ ውሃ መንገድ ዳር ያለችውን ጠባብ ሱቃቸውን ግማሽ አከራዩኝ። «እህል ይዛ ወፍጮ ቤት የምትሰለፈው ሴት። ወፍጮውን ሴት ብትጠግነው ምን ነውር አለው?» አሉና ጠረጴዛቸውን ወደ ግድግዳው ገፉልኝ። እኔ ግን ይሄ ሁሉ ደግነት ከምን መጣ እያልኩ አንድ ወር ሙሉ ስጠባበቅ ከረምኩ።

ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ቀጭን ናቸው፤ የሱፍ ቆባቸውን በጋም ክረምትም አያወልቁም። ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ምላሳቸው ላይ አስነክተው «ጨው አላት» ወይም «አልጫ ሆናለች» ብለው ይፈርዳሉ። የተከፈተ ቴሌቪዥን በመዳፋቸው አይነኩም፤ እናት የልጇን ትኩሳት እንደምታይ በእጃቸው ጀርባ ነው። ለሁሉም ነገር መልሳቸው «አብሽሪ»፣ አይዞሽ እንደ ማለት፣ ነበር። ዕቃ ቢቃጠል፣ መብራት ቢጠፋ፣ ደንበኛ ቢሰድባቸው «አብሽሪ» ይሉኛል፣ የተሰደበው እሳቸው ሆነው ሳለ።

ትውልዳቸው ደጋን ነው። በቀድሞው ሠራዊት ውስጥ ዐሥራ አራት ዓመት የመገናኛ ሬዲዮ ሠራተኛ ነበሩ። ሠራዊቱ ሲበተን ከጓደኞቻቸው ጋር ካምፕ ገቡ፤ ነገር ግን ከጓደኞቻቸው ሦስት ወር ቀድመው ወጡ። ይህችን ሦስት ወር የነገረኝ የሰፈሩ ሰው ነው። ለምን ቀድመው ወጡ ብዬ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። እኔ ያችን ሦስት ወር ልቤ ውስጥ አስቀመጥኳት።

የጠዋቱ ነገር የተጀመረው ባለቤቱ ሳይመለስ በቀረ የቪዲዮ ዴክ ነው። የዚያን ጊዜ ዴክ ድምፅና ምስል አንድ ላይ ቋጥሮ በአንቴና ገመድ ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ ትንሽ ሳጥን በሆዱ ነበረው። አንድ ቀን አያ እንድሪስ ሲሞክሩት የማይክራፎን ገመድ በስህተት የምስሉ መግቢያ ላይ ሰኩ። ሳል መጣባቸው። ቴሌቪዥኑ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተነሣ። ሆን ብለው ደግመው አሳሉ፤ መስመሩ እንደ ነጠላ ጥለት ተደርድሮ ተንቀጠቀጠ።

«ትርንጎ፣ ነይማ ሳሌን እዪልኝ» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእሑድ በቀር በየጠዋቱ፣ ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ለደንበኛ ሳንከፍት አንድ አንድ ጥልፍ መሥራት ልማዳችን ሆነ። ጥልፍ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ ሽቦው ከዚህ ወደዚያ ስለሚሻገር። ማይክራፎኑን በድምፁም በምስሉም መግቢያ እንሰካለን፤ እሳቸው የድምፁን በኩል ያዘጋጃሉ፣ እኔ የምስሉን። ምን እንዳሰብን አንነጋገርም። እሳቸው የሚፈላ ማንቆርቆሪያ ወይም የማበጠሪያ ጥርስ ማይክራፎን ሥር ያመጣሉ፤ እኔ ደግሞ ምስሉን በተቃጠለ የሞተር ጥቅል አሳልፌ ጥለቱን አጠማዝዘዋለሁ። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ እናገናኝና ዝም ብለን እናያለን። አንዳንዱ ቀን ምንም አይወጣም፤ በረዶ የሚመስል ነጠብጣብ ብቻ። አንዳንዱ ቀን ግን ዝናብ በቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እያንዳንዷ ጠብታ ስታልፍ ትታያለች፤ ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ሻይ ሲመጣ አያ እንድሪስ የትኛው ሽቦ የት እንደተሰካ በደብተር ይመዘግባሉ። ከዚያ ይፈታል። ዛሬ የተጠለፈ ዛሬ ይፈታል፤ ይህ ሕጋቸው ነበር፤ ምንም ቢያምር አያሳድሩትም።

አንድ ቀን ለምን እንደሚደክሙበት ጠየቅኳቸው። ብረት መበየጃቸውን አስቀመጡ።

«ዐሥራ አራት ዓመት የሰው ወሬ ተሸከምኩ» አሉ። «ከአንዱ አዛዥ ወደ ሌላው አዛዥ። ስንቱ በኔ ጆሮ አልፎ ሞተ፣ አላህ ያውቃል። ይቺ የማንንም ወሬ አትሸከምም። ዝም ብላ ታምራለች፣ በቃ።»

መልሱ ደስ አለኝ፤ ማታ ሳስበው ግን አላመንኩትም። እስቲ ፍረዱኝ። ደብተር የሚይዙት ለምንድን ነው? በየቀኑ የሚፈቱት ምን እንዳይገኝ ነው? የቀበሌ ሰዎች በሱቁ ሲያልፉ ለምን ቆባቸውን አንሥተው አያ እንድሪስን ሰላም ይላሉ? በዚያ ዘመን ሻይ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ጎን ለጎን አይቶ ነው የሚያወራው። ግድግዳ ጆሮ ነበረው። እሳቸው ደግሞ ስለ መንግሥት ክፉም በጎም ተናግረው አያውቁም፤ የማይናገር ሰው የሚሰማ ሰው ነው ብዬ ደመደምኩ።

ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ ይወጡ ነበር። አንድ ሰኞ ተከተልኳቸው። ሰኞ ገበያ ውስጥ በሰው መሀል እየተሽሎከለኩ ሄደው ወንፊት ሻጮች ዘንድ ቆሙ። አንዱን ወንፊት አንሥተው ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነቀነቁ። አስቀመጡት። ሌላውን አነሡና ነቀነቁ። ከሻጯ ጋር ሳይነጋገሩ፣ ምንም ሳይገዙ፣ ሰባት ወይም ስምንት ወንፊት ነቅንቀው ተመለሱ። ምልክት እየሰጡ ነው ብዬ አካባቢውን በዓይኔ ለቀምኩት፤ ማንን እንደምፈልግ ግን አላውቅም። በማግስቱ ጠዋት ምስር በወንፊት ውስጥ እያንከባለሉ ማይክራፎኑ ላይ አመጡት። ቴሌቪዥኑ ላይ የወጣውን ጥለት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ግን ያን ጊዜም፣ ምስሩ ማሳሳቻ ቢሆንስ አልኩ።

ጥፋቴ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ቴሌቪዥኑን ከጠረጴዛው አንሥቼ መስኮቱ ዳር አስቀመጥኩት፤ ገመዱ ረዘመና ምስሉ ደበዘዘ። ቡስተር የምንለውን፣ ከጣሪያው አንቴና ገመድ ጋር የተያያዘውን ጉልበት መጨመሪያ ሳጥን፣ በዴኩና በቴሌቪዥኑ መካከል አስገባሁ። ምስሉ እንደ መስተዋት ጠራ። እንዲህ ያማረ ነገር በየቀኑ መፍታት ሞኝነት መስሎ ታየኝና፣ ሌላው ሲፈታ ቡስተሩን ብቻ ከነሽቦው ከመደርደሪያው ጀርባ ደብቄ እንደተሰካ ተውኩት። ለአያ እንድሪስ አልነገርኳቸውም።

ቅዳሜ ጠዋት ታናሽ ወንድሜ ካሳሁን ከኮምቦልቻ መጣ። እዚያ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ይሠራ ነበር። እኛ ጥልፋችን ላይ ነን፤ ማይክራፎኑ ጠረጴዛው ላይ ነው። እሱ ሲናገር ጥለቱ በድምፁ መካከሉ ላይ እየተሰነጠቀ ሁለት ይሆን ነበር፤ አያ እንድሪስ «አይ ድምፅ፤ ማሻአላህ» አሉት። ካሳሁን ግን የመጣው ለሌላ ነው። ሠራተኛው አቤቱታ ጽፎ ፈርሟል፤ ሰኞ ለበላይ ሊቀርብ ነው። የፊርማውን ወረቀት የት እንዳስቀመጠው ጠየቅኩት።

«አክስቴ ቤት፣ በርበሬ ማድጋ ውስጥ» አለኝ እየሳቀ። «ማን በርበሬ ውስጥ እጁን ይከታል?»

እሑድ ጠዋት እጃቸውን ከተቱ። አክስቴ እንደነገረችኝ ሦስት ሰዎች መጡ፤ አልጋ አላነሡም፣ ሳጥን አልከፈቱም። በቀጥታ ወደ ጓዳ ገብተው ማድጋውን ገለበጡት፤ ቤቱ ሁሉ አነጠሰ። ወረቀቱን ከነላስቲኩ ይዘው ካሳሁንንም ወሰዱት።

በዚያ ሱቅ ውስጥ የነበርነው ሦስት ሰዎች ነን። እኔ አልተናገርኩም። ካሳሁን ራሱን አይከስስም። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር አያ እንድሪስ ፊት ቆምኩ።

«አያ እንድሪስ፣ ለማን ነገሩ?»

«ምኑን?»

«የበርበሬውን።»

ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ገረጣ። «ወላሂ አልተናገርኩም። ትርንጎ፣ ወላሂል አዚም፣ ከዚህ በር አልወጣም» አሉ። መሐላቸው እውነት ይመስል ነበር። በዚያ ሳምንት ልቤ ግማሽ በግማሽ ሆኖ ሰነበተ።

ከሳምንት በኋላ ግን ሁለት ነገር ሆነ። አንድ ጠዋት ስመጣ ከመደርደሪያው ጀርባ የደበቅኩት ቡስተር የለም፤ ሽቦውም የለም። ዴኩም ተነሥቷል። «ዕቃው የት ሄደ?» ስላቸው፣ «አነሣሁት፤ ከእንግዲህ ጥልፉ ይቅርብን» አሉኝ፤ ዓይኔን አላዩም። ማስረጃ ያጠፋሉ ብዬ ደሜ ፈላ። እንደገና ጠየቅኳቸው። «ይንገሩኝ፤ ለማን ነው የተናገሩት?» በዚህ ጊዜ አልማሉም። ቆባቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ አድርገው፣ «አላህ ያውቃል» ብቻ አሉ። ሲምል የነበረ ሰው መማል ሲተው ምን ይባላል? በቃ፣ ለኔ ፍርዱ ያኔ አለቀ።

ካሳሁን በሁለት ወሩ ከስቶ ወጣ። ሥራው ሄዷል። የጠረጠርኩትን ሁሉ ነገርኩት፤ እንዲያውም እንደ ጥርጣሬ ሳይሆን፣ እንዳረጋገጥኩት አድርጌ ነው የነገርኩት። በማግስቱ ደሴ መጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አያ እንድሪስ ደጃፍ ላይ ቆመ። «አንተ ጆሮ ጠቢ! ነጭ ጸጉርህን አታፍርበትም?» አለና እግራቸው ሥር ምራቁን ተፋ። እኔ ጎኑ ቆሜ ነበር። አያ እንድሪስ ከወንበራቸው ተነሡ። ይመልሱለታል ብዬ ስጠብቅ፣ «አብሽር ልጄ። እንኳን አላህ አወጣህ» አሉት። ስድቡ ሰፈሩን አዳረሰ። ዕቃ የሚያመጣላቸው ሰው ቀነሰ፤ ሻይ የሚጠጡበት ቤት ውስጥ ሲገቡ ወሬ መቋረጥ ጀመረ። እኔ በዚያው ሳምንት ጠረጴዛዬን ጭኜ ኮምቦልቻ ወረድኩ።

እንግዲህ ደሴ ለቅሶ የሄድኩት በሦስተኛው ቀን ነው። ለምን ሄድኩ? እውነቱን ለመናገር፣ ሰው ሲሞት ወሬ ይወጣል፤ ማን ምን እንደሚል ልሰማ ነው። ድንኳኑ በር ላይ ባለቤታቸው አይተውኝ ፊታቸውን ያዞራሉ ብዬ ነበር። «ትርንጎ፣ መጣሽ? ደግ አደረግሽ» ብለው እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ከጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዘውዴ ናቸው፤ ከሱቃችን ጀርባ ባለው ግቢ የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ክፍል የሚያከራዩ ሴት። ትክ ብለው አዩኝ።

«አሁንማ መሐላዬ ወረደልኝ» አሉ። «ልንገርሽና ይውጣልኝ።»

የነገሩኝ ይህን ነው። ወንድሜ ከመታሰሩ በፊት በነበረው ሳምንት ቴሌቪዥናቸው ጠዋት ጠዋት ጥለት ያሳይ ጀመር። ቁልፉን ወደ ባዶው ጣቢያ ሲያዞሩት መስመር ይጨፍራል፣ ሰው ያወራል። መጀመሪያ ሰይጣን መሰላቸው። ቀስ ብለው ሲሰሙ የኔን ድምፅ ለዩ፤ «ፒንሳውን ያቀብሉኝ» ስል ሰሙኝ። ለተከራያቸው አሳዩት። ተከራያቸው በቀበሌው የጸጥታ ሰው ነው። ቅዳሜ አብሯቸው ቁጭ ብሎ አየ፤ ሲጨርስ ለማንም እንዳይናገሩ አስጠንቅቋቸው ወጣ። እሳቸው የወንድሜን መታሰር ሲሰሙ ፈርተው ቴሌቪዥኑ ላይ ጠበል ረጩበት። ጠበሉ ሆዱ ገብቶ አቃጠለው። ያንን ተሸክመው ለማስጠገን የሄዱት ደግሞ አያ እንድሪስ ዘንድ ነው።

«ውሃ ምን አስገባባት አሉኝ። ጠበል ነው ስላቸው ሳቁ። ታሪኩን ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ጠፋ። ተነሥተው ከመደርደሪያው ጀርባ አንዲት ሳጥን ከነሽቦዋ ጎትተው አወጡ።»

ልማዴ ነውና አላመንኳቸውም። ሴትየዋ ለሞተ ሰው ስም ይጠግናሉ ብዬ አሰብኩ። «ቅዳሜ ዕለት ምን ዓይነት ጥለት ነበር ያዩት?» አልኳቸው።

እትዬ ዘውዴ ሳያመነቱ ሁለት እጃቸውን ገጥመው ከመካከል ከፈቷቸው። «እንዲህ። ወንዱ ሲናገር መሀሉ ላይ ይሰነጠቅና ሁለት ይሆናል። እንዴት ያምር እንደነበር!»

ያንን ያየን ሦስት ሰዎች ብቻ ነን ስል ኖሬያለሁ። አራተኛዋና አምስተኛው ከግድግዳው ማዶ ነበሩ። ወደ ጣሪያው አንቴና የሚወጣውን ገመድ ከቡስተሩ ላይ መንቀል ነበረብኝ፤ አልነቀልኩም። ስለዚህ አንቴናው መቀበሉን ትቶ መላክ ጀመረ። የወንድሜን ድምፅ፣ አቤቱታውን፣ ማድጋውን፣ ሁሉንም ጣሪያ ላይ ሰቅዬ ለሰፈር ያሰራጨሁት እኔ ነኝ። ሕጋቸውን ጠብቄ በዕለቱ ብፈታው ኖሮ ቅዳሜ ባልደረሰም።

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ሴቶቹ ዞር አሉ።

«እኔም ንገሯት እንጂ አልኳቸው። እንቢ አሉ። 'እኔን ብትጠላ፣ ጠልታኝ ትሠራለች። ራሷን ከጠላች ግን ሁለተኛ ሽቦ አትይዝም' አሉኝ። ደግሞ፣ 'ያንን ዴክ የሰካሁት እኔ ነኝ፤ ጥልፉንም የጀመርኩት እኔ' አሉ። እስላም ሆነው ሳለ በማርያም አስማሉኝ፤ በሕይወት እስካሉ ድረስ እንዳልናገር።»

አለቀስኩ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ዘመድ ያልሆንኩት እኔ ከዘመድ በላይ አለቀስኩ፤ ባለቤታቸው መጥተው ራሴን ያዙኝ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በኮምቦልቻ ስንት ሞተር ጠቅልያለሁ፣ ሁሉንም እሳቸውን እየጠላሁ። ብርታት የሰጠኝ ጥላቻው ነበር፤ እንዳሉት ነው የሆነው። በሌላ ሰው ሁሉ ላይ ስንጥር ስፈልግ፣ የራሴን እጅ አንድ ቀን እንኳ አልመረመርኩም። ካሳሁንን ጎኑ ቆሜ ያስተፋሁት እኔ ነኝ።

ከድንኳኑ ወጥቼ ለካሳሁን ደወልኩ። ዛሬ የጭነት መኪና ይነዳል። መንገድ ላይ ነበር፤ ዳር ይዘህ አቁም አልኩት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት፣ ቡስተሩን፣ ገመዱን፣ የእትዬ ዘውዴን ጠበል፣ የአያ እንድሪስን ቃል። «እኔ ነኝ፤ አሳልፌ የሰጠሁህ እኔ ነኝ» አልኩት። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ። የመኪናውን ሞተር ሲያጠፋ ሰማሁት።

«የት ተቀበሩ?» አለኝ።

«ደጋን።»

«ነገ ጠዋት መጥቼ እወስድሻለሁ፤ ተዘጋጅተሽ ጠብቂኝ» አለ።